ልጆቼን ቤት ላስተምር ወስኛለሁ፤ ካሪኩለም እንዴት ልምረጥ?

ጥያቄ (የሦስት ልጆች እናት)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እኔና ባለቤቴ ብዙ ጸልየን፣ ብዙም ተመካክረን ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ልጆቻችንን ቤት ለማስተማር ወስነናል። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። ማንበብ ትወዳለች፤ ሂሳብ ሲባል ግን ፊቷ ይለዋወጣል። መካከለኛው 7 ዓመቱ ነው። ፊደሎቹን ለይቶ ያውቃል፣ ገጣጥሞ ቃል ማንበብ ግን ገና አልሆነለትም። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፤ እሱን እንኳ ዝም ማሰኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ያስጨነቀኝ የካሪኩለሙ (የማስተማሪያ መጻሕፍቱና የዕቅዱ) ምርጫ ነው። አንዱ «ሁሉንም ነገር የያዘውን ሙሉ ጥቅል ግዢና ተገላገዪ» ይለኛል። ሌላው «ከየቦታው የሚስማማሽን ምረጪ» ይላል። አንድ ሰው ሦስት የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች እንዴት አድርጎ ያዳርሳል? መጽሐፉ ላይ «ክርስቲያናዊ» የሚል ስለተጻፈበት ብቻ ልመነው? ከሁሉም በላይ የምፈራው ደግሞ የእግዚአብሔር ቃል ማርክ የሚሰጥበት አንድ ተጨማሪ ትምህርት ሆኖባቸው እንዳይቀር ነው። ልምዱ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ (አራት ልጆች ቤት ያስተማረች እናት)

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አይዞሽ፣ ይህ ጭንቀት ያልነካው ወላጅ የለም።

ምንም ከመግዛትሽ በፊት ሂሳብንና ንባብን ከሌላው ትምህርት ለይተሽ አስቀምጪ። እነዚህ ሁለቱ በደረጃ ነው የሚሄዱት። ያለፈው ያልገባው ልጅ የሚቀጥለውም አይገባውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ በልኩ ይመረጣሉ። ታሪክን፣ ሳይንስንና ጂኦግራፊን ግን ልጆቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ይማሩታል። ለምሳሌ ስለ እሳተ ገሞራ አንድ መጽሐፍ ታነቢላቸዋለሽ። ትልቋ የገባትን በአንድ ገጽ ትጽፋለች። መካከለኛው ሥዕል ሥሎ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል። ትንሹ ቀለም ይቀባል። ትምህርቱ አንድ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው የምትጠብቂው ሥራ ግን እንደየዕድሜያቸው ነው። ሦስቱንም ሳትሰለቺ ማዳረስ የምትችዪው እንዲህ ነው።

ሂሳብን በተመለከተ፣ ብዙ ወላጆች የሚያነሷቸው ሦስት ናቸው። ሳክሰን በየቀኑ ትንሽ አዲስ ነገር ይጨምርና የድሮውን እየደጋገመ ያሠራል። ቶሎ ለሚረሳ ልጅ ጥሩ ነው። ጥያቄው ግን ብዙ ነው፤ ቶሎ የሚሰለች ልጅ ይማረርበታል። ማት ዩ ሲ ደግሞ አንዱን ርእስ ልጁ በደንብ እስኪችለው ድረስ አይለቅም። በቀለም የተለዩ ብሎኮችም አሉት። የሲንጋፖር ሂሳብ በ1980ዎቹ በዚያች አገር ትምህርት ሚኒስቴር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ነው። አዲስ ነገር ሲያስተምር መጀመሪያ በእጅ በሚያዝ ዕቃ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በቁጥር ነው።

ለልጅሽ የትኛውንም ምረጪ፣ ይህን የመጨረሻውን አካሄድ አትተዪው። 8 ሲደመር 7 ስትባል በጣቷ የምትቆጥር ከሆነ 15 አዝራር አምጪ። በአንድ በኩል 8፣ በሌላ በኩል 7 ደርድሪ። «ስምንቱ አሥር እንዲሆን ስንት ይጎድለዋል?» በያት። ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ አትርጂያት። ከሰባቱ ላይ ሁለት አንሥታ ወደ ስምንቱ ትወስዳለች። አሥርና አምስት ሆኖ ታገኘዋለች። ይህን በእጇ ደጋግማ ስትሠራው ቆይታ ነው ወደ ወረቀት መሄድ ያለባት። ሂሳብ የምትፈራ ልጅ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ሳትነካው ቁጥር ላይ የደረሰች ልጅ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የክፍል ቁጥር ብቻ አይተሽ አትግዢ። የአንዱ አሳታሚ 3ኛ ክፍል የሌላው 4ኛ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ልጁ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚለይ ፈተና በነጻ ያቀርባሉ። ቤት ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። ከዕድሜዋ ዝቅ ብላ ብትጀምር አትደንግጪ፤ መሠረቱ ሲይዝ ቶሎ ትደርሳለች።

መልስ (ጡረታ የወጣ መምህር)

ልጄ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የታችኛውን ክፍል በማስተማር ነው። ስለ መካከለኛው ልጅሽ ልናገር።

ፊደል መለየትና ማንበብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ድምፅን ከድምፅ ማጋጠም አለ። እሱን ደግሞ ያለ መጽሐፍ፣ በአፍ ብቻ መጀመር ይቻላል። ዕቃ እያጠብሽ «በ… ቅ… ሎ፣ ምን አልኩ?» በዪው። ሲችል እሱ ይጠይቅሽ። በአማርኛ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ይዞ ስለሚመጣ ማጋጠሙ ይቀላል፤ የሚከብደው ብዛቱ ነው፣ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸውና። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ ነገር ግን አንዱ ፊደል እንደየቦታው ድምፁን ይለዋውጣል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የምታስተምሪው ከሆነ ፎኒክስን (ፊደልን ከድምፁ የማገናኘት ትምህርትን) በቅደም ተከተል የሚያስተምር መጽሐፍ የግድ ያስፈልግሻል።

በ2000 በአሜሪካ የወጣው የብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት ለንባብ አምስት ነገሮችን ለይቷል። የቃልን ድምፆች ለይቶ መስማት፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት፣ ቅልጥፍና፣ የቃላት ዕውቀትና ያነበቡትን መረዳት ናቸው። ልጅሽ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የምትገዢው መጽሐፍ «ሥዕሉን አይተህ ቃሉን ገምት» የሚል ከሆነ አትውሰጂው። ግምት ማንበብ አይደለም።

ዓይኑንና ጆሮውንም አስመርምሪለት። በትዕግሥት ተሠርቶ ወራት ካለፉ በኋላም ካልሆነለት ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ የመማር ችግር) እንደሆነ ባለሙያ ይየው። ስንፍና ነው ብለሽ እንዳትቆጪው። ቀደም ብሎ ሲታወቅ ብዙ ይረዳል።

መልስ (የሁለት ወንዶች ልጆች አባት)

ከላይ እህታችን ካለችው በአንድ ነገር እለያለሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሥራ አለን፤ ትምህርቱን እየተፈራረቅን ነው የምናስተምረው። ለእኛ ጥቅል በጣም ጠቅሞናል። ዛሬ ምን እናስተምር ብለን ማታ ማታ አንጨነቅም፣ የዕለቱ ተጽፎ ይገኛል።

ጥቅል ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ከ1972 ጀምሮ ያለው አቤካ የክፍል ትምህርት ጠባይ አለው፤ መልመጃውና ፈተናው ብዙ ነው። ሥርዓት ለሚወድ ልጅ ይስማማዋል። በ1990 የተጀመረው ሰንላይት ደግሞ በታሪክ መጻሕፍትና በጋራ ንባብ ላይ የቆመ ነው። ማንበብ የምትወድ ልጅ ስላለችሽ ይኼኛው ሳይስማማት አይቀርም። ዋናው ነገር፣ የገዛሽውን ሁሉ የመጨረስ ግዴታ የለብሽም። ልጁ የገባውን መልመጃ እለፊው። ግማሹን ጥያቄ ብቻ አሠሪው። መጽሐፉ አንቺን ያግዝሽ እንጂ አንቺ የመጽሐፉ አገልጋይ አትሁኚ።

መልስ (ኦርቶዶክሳዊት እናት)

«ክርስቲያናዊ» የሚለው ስም ይበቃል ወይ ላልሽው፣ አይበቃም። በእንግሊዝኛ የሚገኙት አብዛኞቹ ክርስቲያናዊ ካሪኩለሞች የአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች ያዘጋጇቸው ናቸው። እህቴ፣ የእምነት ቤትሽን ስላልገለጽሽ የእኔን ልንገርሽ። እነሱ ጋ መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ነው፤ የእኛ 81 ነው። ስለ ቅዱሳን፣ ስለ ጾምና ስለ ምሥጢራት ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይም እኛ ከምናምነው ሌላ ይጽፋሉ። ስለዚህ እኛ ቤት ሂሳቡና ሰዋስውው ከየትም ሊመጣ ይችላል። የሃይማኖት ትምህርቱን ግን ከቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍትና ከአባቶች ነው የምንወስደው። ፕሮቴስታንት ብትሆኚም ምክሬ ያው ነው፤ እዚያም ቤት ትምህርቱ እንደየቤተ እምነቱ ይለያያል።

የሳይንሱን መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት ስለ ፍጥረት የሚናገረውን ምዕራፍ አንብቢ። አንዳንዱ ስድስቱን ቀናት እያንዳንዳቸው 24 ሰዓት ናቸው፣ ምድርም የጥቂት ሺህ ዓመታት ዕድሜ ብቻ ነው ያላት ብሎ ይቆማል። ሌላው እንደዚያ አይልም። ልጅሽ ከመጠየቋ በፊት አንቺና ባለቤትሽ ምን እንደምትመልሱ ተነጋገሩበት።

ስለ እምነት ምንም የማይል መጽሐፍ ብትገዢም አትስጊ። መጽሐፉ እግዚአብሔርን ባያነሣ እናት ታነሣለች። ስለ ዘር ውርስ ስንማር ለልጆቼ የነገርኳቸው ግሬጎር ሜንዴል መነኩሴ እንደነበረ ነው። አተር እየዘራ፣ እያዳቀለና እየቆጠረ ያገኘውን ውጤት ያሳተመው በ1866 ነው። ልጄ «ገዳም ውስጥ ሆኖ?» ብላ ዓይኗ ፈጠጠ። እምነትና ምርምር አንድ ሰው ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ያየችው በዚያ ቀን ነው።

መልስ (የሕፃናት አገልግሎት አስተማሪ)

ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ያልሽው ፍርሃት ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ያየኋቸው ብዙ ልጆች ጥቅሱን በቃላቸው ይሉታል፣ ታሪኩ ግን ልባቸው ውስጥ የለም። በዘዳግም 6፥7 ቃሉን ለልጆች የምናስተምርበት ቦታ ተዘርዝሯል፤ ቤት ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ይላል። የፈተና ወረቀት እዚያ ውስጥ የለም።

የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። እንግሊዛዊቷ አስተማሪ ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ብዙ የደከመችበት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትቸኩዪ አንብቢላቸው። መጽሐፉን ዝጊው። «በሉ ንገሩኝ» በያቸው። ጥያቄ አትጠይቂ፣ አታርሚ። ከትንሹ ጀምሪ፤ ትልቁ ከጀመረ ለትንሹ የሚቀር ነገር የለም።

በቅርቡ ዘፍጥረት 37ን፣ ዮሴፍን ወንድሞቹ የሸጡበትን ታሪክ፣ ከልጆቹ ጋር እንዲህ አነበብን። አንዲት ትንሽ ልጅ የጉድጓዱን ነገር ሁሉ ዘለለችና ቀሚሱን በፍየል ደም የነከሩበትን ብቻ ተናገረች። ከዚያ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «አባታቸው ሲያለቅስ እያዩ እንኳን አልነገሩትም?» አለች። ከእሷ በኋላ ማንም ስለ ጉድጓዱ አላወራም። ስለ መዋሸት፣ ጥፋትን ስለ መደበቅ፣ ስለ ራሳቸው ቤት ነው ያወሩት። እኔ ያዘጋጀሁትን ጥያቄ አላነሣሁትም።

ኤፌሶን 6፥4 አባቶችን ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና ተግሣጽ አሳድጉ ሲል አታስቆጧቸው ብሎም ያዛል። ስለዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ ማርክ አትስጪ። በቃል የሚያዘውን አብራችሁ ያዙት፤ አንቺም በቃልሽ ስትይዢ ይዩሽ። ባለቤትሽም ይግባበት። ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚውል አባት እንኳ የማታውን ንባብ መያዝ ይችላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የልጁን የዓይንና የጆሮ ምርመራ ነገ ቀጠሮ አስይዛለሁ፤ እስከ ዛሬ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ባለቤቴም የማታውን ንባብ እኔ እይዛለሁ ብሏል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ሕጉን የት ነው የማጣራው? ደግሞስ የትንሹን ልጅ ነገር ምን ላድርግ?

መልስ (የሁለት ወንዶች ልጆች አባት)

ሕጉን ካሪኩለም ከመግዛትሽ በፊት ማጣራት አለብሽ። እንደየአገሩ ፍጹም የተለያየ ነው። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ቤት ማስተማር አይፈቀድም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2019 ለጀርመን መንግሥት ፈርዷል። ስዊድንም በጣም አጥብቃዋለች። አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ኒው ዮርክ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትጠይቃለች፣ ቴክሳስ ደግሞ ማሳወቅ እንኳ አያስፈልግም ትላለች። ስለዚህ «እኔ ምንም አልተጠየቅኩም» የሚል ወዳጅ ምክር ይዘሽ አትነሺ። የምትኖሪበትን አካባቢ የትምህርት ቢሮ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።

ሕጉ ባያስገድድሽም መዝገብ ያዢ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፋይል በቂ ነው። በየወሩ ከየትምህርቱ አንዳንድ ሥራ ቀን ጽፈሽበት አስገቢ፤ ያነበቡትንም መጽሐፍ መዝግቢ። አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ቢመለሱ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

መልስ (አራት ልጆች ቤት ያስተማረች እናት)

ትንሹን በተመለከተ፣ ጠዋት መጀመሪያ ለእሱ ጊዜ ስጪው። ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ አንድ መጽሐፍ አንብቢለት፣ ትንሽ አጫውቺው። ልቡ ከጠገበ በኋላ ትቶሽ ይሄዳል። በትምህርት ሰዓት ብቻ የሚወጣ የመጫወቻ ሳጥን ይኑረው፤ ትምህርት ሲያልቅ ይዘጋ። በ4 ዓመቱ መደበኛ ትምህርት አያስፈልገውም። ሲያዳምጥ ብዙ ይይዛል።

ለ7 ዓመቱ ልጅ አንዱ ትምህርት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አይለፍ። ከባዱን ጠዋት አድርጊው። ንባቡን ከእሱ ጋር ስትሠሪ ትልቋ ብቻዋን የምትችለውን ትሥራ፤ ሂሳቧ ላይ ስትቀመጪ እሱ ውጭ ወጥቶ ይጫወት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሂሳብ፣ ንባብና መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ያዢ። ሌላውን ቤቱ ሥርዓት ሲይዝ አንድ በአንድ ጨምሪ።

አሁን የሚቀርሽ የትልቋ የደረጃ ፈተና ነው። በዚህ ሳምንት አሠሪያትና ውጤቱን ጻፊልን፤ ከየትኛው መጽሐፍ ብትጀምር እንደሚሻል አብረን እናያለን።