ቢራዬን ጠርሙስ ውስጥ ልጨምረው ወይስ ልጠብቅ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምክር ፈልጌ ነው። እዚህ ሚኒሶታ፣ ከኪት (ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የቤት መጥመቂያ ጥቅል) የሚጠመቅ ቢራ ምድር ቤት አስቀምጫለሁ። መመሪያው ከ2 ሳምንት በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ይግባ ይላል። አረፋው ካቆመ ሰንበት ብሏል። ሃይድሮሜትሩ (ስኳሩ እየተብላላ ሲሄድ ቁጥሩ የሚወርደው መለኪያ) ግን 1.020 ላይ ቀጥ ብሏል። መውረድ ያለበት እስከ 1.012 አካባቢ ነው። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። እርሾው ተኝቶ ይሆን? ሳሎን አውጥቼ 20 ዲግሪ ላይ ባቆየው ይነሳል? ወይስ ሌላ እርሾ ልጨምር?

ስኳሩ ሳያልቅ ከታሸገ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ በጣም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከታሸገ በኋላስ ጋዝ እንዲይዝ 2 ሳምንት ሙቅ ቦታ መቆየቱ ይበቃዋል? እናቴ ጠላ ስትጠምቅ በቀናት ነበር የሚደርሰው፤ የዚህን ልክ አላውቀውም። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ስንት ቀን እንዳቆያችሁት ጭምር ንገሩኝ።