የግሪዱን ኢነርሺያ በምን እናስላው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሶላርና የንፋስ ድርሻ እየጨመረ ሲሄድ የግሪዱን (የኤሌክትሪክ መረቡን) ኢነርሺያ፣ ማለትም በሚሽከረከሩ ማሽኖች ውስጥ ያለውንና የፍሪኩዌንሲውን ለውጥ የሚያዘገየውን ጉልበት፣ መገመት ከብዶኛል። የማደርገው፣ ሥራ ላይ ያሉትን ጄኔሬተሮች የኢነርሺያ ቋሚ በኤምቪኤያቸው (በተመዘገበ አቅማቸው) አባዝቼ መደመር ነው። ግን ትልቅ ማመንጫ ሲወድቅ ፍሪኩዌንሲው ካሰላሁት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ የቀረህ የተጠቃሚው በኩል ነው ወንድሜ። በቀጥታ ከመስመር የሚሠሩ የፓምፕና የኮምፕረሰር ሞተሮችም ይሽከረከራሉ፤ ድምርህ ውስጥ ግን የሉም። ከክስተቱ ተነስተህ ወደ ኋላ አስላው። በ50 ኸርዝ ግሪድ 1,000 ሜጋዋት ጠፍቶ ፍሪኩዌንሲው በሴኮንድ 0.25 ኸርዝ ከወረደ፣ 1,000 በ50 ተባዝቶ ለ0.5 (ለ0.25 እጥፍ) ይካፈላል። 100,000 ሜጋዋት-ሴኮንድ ይመጣል። ከዚህ ላይ የራስህን ድምር ቀንስ (የወደቀውን ማመንጫ ከድምሩ አውጣው)። ቀሪው በግምት የተጠቃሚው ድርሻ ነው። እኔ ከወረቀት ድምር ይልቅ ይሄን አምናለሁ።

ሌላ መልስ፦ አደራ፣ በአንድ ጣቢያ ንባብ ብቻ እንዳትወስን። ብልሽቱ አጠገብ ያለው መለኪያ መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ይዋዥቃል፤ ራቅ ያለው ገና አልሰማም። የብዙ ጣቢያዎችን አማካይ ውሰድ፣ ለ500 ሚሊሴኮንድ ያህል። ካረዘምከው ባትሪዎቹና ገቨርነሮቹ (የማመንጫዎቹ ፍጥነት ተቆጣጣሪዎች) ይገቡበታል፤ ያኔ የምታየው ኢነርሺያ ብቻ አይደለም።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ኢንቨርተሮቹንስ (ሶላሩንና ባትሪውን ከግሪዱ የሚያገናኙትን መቀየሪያዎች) ዜሮ ልበላቸው?

መልስ፦ የግሪዱን ፍሪኩዌንሲ ተከትለው የሚሠሩትን፣ አዎ። ራሳቸው ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ የሚፈጥሩትን ግን እንዳትዘላቸው። እንደ ቅንብራቸው ወዲያው ኃይል ይለቃሉ፤ ቅንብሩን ከባለቤቶቹ ጠይቅ።