ላስ ቬጋስ ላይ ማደር ለቁማር ላልመጣ ቡድን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ከሎስ አንጀለስ ወደ ግራንድ ካንየን በሁለት መኪና የምንጓዝ ጓደኛሞች ነን። ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ሌሊት ለማደር አስበናል፤ ይሁንና አብዛኞቻችን ቁማር አንወድም፣ ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ገና 20 ዓመቱ ነው። ማደሩ ይሻላል ወይስ አልፎ መሄዱ?

ምላሽ፦ እደሩ። የኔቫዳ ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ቁማር እንዲጫወትም ሆነ በመጫወቻው አካባቢ ቆሞ እንዲመለከት አይፈቅድም፤ ነገር ግን ሆቴሎቹ ወደ ምግብ ቤትና ወደ ትርዒት አዳራሽ የሚወስደውን መንገድ ሆን ብለው ይመስላል በቁማር ማሽኖቹ መካከል ስለሚያሳልፉት፣ ጓደኛችሁ ሳይቆም ማለፍ ይችላል። በሙዚቃ የሚወዛወዘውን የቤላጂዮ ሆቴልን የውሃ ትርዒት ከመንገድ ላይ ሆኖ ማየት በነጻ ነው።

ምላሽ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም የክፍሉን ዋጋ ብቻ አትመልከቱ። ብዙዎቹ ትልልቅ ሆቴሎች በየሌሊቱ «ሪዞርት ፊ» የሚሉትን ተጨማሪ ክፍያ፣ አንዳንዶቹም የመኪና ማቆሚያ ይጠይቃሉ፤ ለሁለት መኪና ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። አርብና ቅዳሜ ዋጋው ስለሚንር በሥራ ቀን ብትደርሱ ይመረጣል።

ምላሽ፦ በማግስቱ በማለዳ ውጡ። በ1936 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ሁቨር ግድብ ከመንገዳችሁ ብዙም አይርቅም፤ በበጋ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከረፋዱ በፊት ጎብኙት፣ በየመኪናው በቂ ውሃም ያዙ።