ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ-ፎር ደህና ሲሆን ምን ይደረጋል?

እናቴ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አለባት። ሆርሞኑን የሚተካውን መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም፣ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጣለች፤ ቡናዋን የምትጠጣው ቆይታ ነው። የአሁኑ የደም ምርመራ ውጤት ቲኤስኤች (የታይሮይድ እጢን ሆርሞን እንዲያመርት የሚያዘው ሆርሞን) 9.2 ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ጤነኛ መጠን ከ0.4 እስከ 4.0 ነው። ፍሪ ቲ-ፎር (በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን) ግን 1.1፣ ማለትም ደህና። እሷ ድካሙና ብርዱ አልለቀቃትም፤ በቀትር ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች።

በቅርቡ ለደም ማነስ የአይረን ክኒን ታዞላት ሁለቱን አንድ ላይ ስትውጥ ነበር። አይረን የታይሮይዱን መድኃኒት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ስለሚያደርግ አሁን በ4 ሰዓት ልዩነት አድርገንላታል። የሐኪም ቀጠሮዋ ገና ነው። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ እንዲህ አራርቀን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቀን ደሙን እናስመርምር ወይስ የመድኃኒቱ መጠን እንዲታይላት ቀጠሮውን እናስቀድም?