ዶክተር ሁ፦ የጠፉትን ክፍሎች ትዘሏቸዋላችሁ ወይስ ታዳምጧቸዋላችሁ?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዶክተር ሁን፣ በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ዶክተር የሚተርከውን የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ፣ ከሥሩ ጀምሬ እያየሁ ነው። አዲሱን ሳይሆን ጥቁርና ነጩን፣ በፈረንጆች ኅዳር 1963 በቢቢሲ የጀመረውን፣ ዊሊያም ሃርትኔል ዶክተሩን ሆኖ የሚሠራበትን። የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ፣ መብራት ካለ፣ ማታ ማታ አንድ ክፍል አያለሁ። የደሴ ብርድ እንደሆነ ከቤት አያስወጣም።

ሮቦት መሳይ ጭራቆቹ ዳሌኮች ያሉበትን ታሪክ ጨረስኩ። ቀጥሎ ያለውን፣ ከታርዲስ (ከዶክተሩ የጊዜ መጓጓዣ) ሳይወጣ የሚያልቀውን ባለ ሁለት ክፍሉንም ጨረስኩ። አራተኛው ታሪክ ማርኮ ፖሎ ነው። ሰባት ክፍል አለው፤ ሰባቱም ጠፍተዋል። አንዲት ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ምስል እንኳ አልተረፈም።

ድምፁ ግን አለ አሉ። ዘልዬው ወደ አምስተኛው ልለፍ ወይስ ላዳምጠው? የሞከራችሁ ንገሩኝ። ደግሞስ ቢቢሲን የሚያህል ቤት የገዛ ሥራውን እንዴት ያጠፋል? ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

የፒያሳ ልጅ፦

ዝለይው እህቴ። ቀጥሎ ያለው የማሪነስ ቁልፎች ስድስቱም ክፍል አለ፣ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ። እኔ ምስል የሌለው ነገር አይገባኝም። ገና ከሃርትኔል ቀጥሎ ዶክተሩን የሚሠራው ፓትሪክ ትሮተን ጋ ስትደርሺ ጉድጓዱ ይበዛል፤ ከአሁኑ ከደከመሽ አትዘልቂውም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ኧረ በአላህ አትዝለይው!

መጀመሪያ ለምን ጠፋ ላልሽው። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር፤ ደምስሰው ሌላ ይቀዱበታል። ከተዋናዮች ማኅበር ጋር የነበረው ውል አንድን ድራማ እንደ ልብ ደጋግሞ ማሳየት አያስችልም። ቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ የለም። ቀለም ሲመጣ ደግሞ ጥቁርና ነጩን የሚፈልገው ጠፋ። ለውጭ ሽያጭ የተዘጋጁት የፊልም ቅጂዎችም የሽያጭ ዘመናቸው ሲያልፍ እስከ 1978 ድረስ ተወገዱ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ውስጥ፣ ከ2013ቱ ግኝት በኋላ እንኳ 97 ክፍሎች ጎድለው ነበር።

ድምፁን ያተረፈው ማን መሰለሽ? ተመልካቹ። በየቤቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ቴፕ ደቅነው የሚቀዱ ወጣቶች ነበሩ። እናት ከኋላ ስታወራ እየተቆጡ፣ በር ሲንኳኳ እየተሳቀቁ የቀዱት ነው ብዬ አስባለሁ። የጠፋው ክፍል ሁሉ ድምፁ ዛሬ ያለው በእነሱ ነው። ይሄን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ማርኮ ፖሎ ደግሞ ለጆሮ የተሠራ ነው የሚመስለው። ጭራቅ የለበትም። ዶክተሩና ጓደኞቹ በረዶ ተራራ ላይ ይቀራሉ፤ ተጓዡ ማርኮ ፖሎ ያገኛቸውና ታርዲስን ቀምቶ ለሞንጎሉ ንጉሥ ለኩብላይ ካን ገጸ በረከት ሊያደርጋት ያስባል። ከዚያ ከቅፍለቱ ጋር ጎቢ በረሃ ይገባሉ። ሁለተኛው ክፍል ላይ አሸዋው የሚዘፍንበት ማዕበል አለ። መብራት አጥፍተሽ ስሚው። እኔ ያየሁት ባቲ ሰኞ ገበያ ከአፋር የሚመጣውን የግመል ሰልፍ ነበር፣ ማንም ሳያሳየኝ። በሬዲዮ ትረካ ላደገ ሰው ይሄ ምን ይከብዳል? ከዶክተሩ ጓደኞች አንዱን፣ ኢያንን፣ ሆኖ የሠራው ዊሊያም ራስል የሚተርክበት ቅጂ ወጥቷል፤ በምስል የማይታየውን እሱ ይሞላልሻል።

ለፒያሳ ልጅም፦ ወንድሜ፣ ይሄን ታሪክ ያዘጋጀው ዋሪስ ሁሴን ከቴሌቪዥኑ ላይ የተነሱ ፎቶዎች አስቀምጦ ተገኝቷል። ፎቶውን እያየህ ድምፁን ስማ፤ ግማሽ ምስል አገኘህ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛው ቤት ልምጣ። በ2013 ፊሊፕ ሞሪስ የሚባል ሰው ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ጠፍተው የነበሩ 9 ክፍሎች ማግኘቱ ተገለጸ። እንዴት እዚያ ደረሱ? ቅጂው ከአገር አገር ይዞር ነበር። አንዱ አሳይቶ ሲጨርስ ወይ ይመልሳል፣ ወይ ያስወግዳል፣ ወይ ለሚቀጥለው ገዢ ይልካል። የሃርትኔልን የመጀመሪያ ታሪኮች ከገዙት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፤ በ1971፣ በእኛ 1963 ገደማ። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ አሮጌ የፊልም ጣሳ ባየሁ ቁጥር ሳልከፍተው አላልፍም።

ጡረተኛው ኦፕሬተር (ደሴ)፦

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የአዲስ አበባ ነገር ነበር፤ እኛ ዘንድ ሬዲዮና ሲኒማ ነው። ስለ ፊልሙ ግን የማውቀውን ልንገራችሁ፣ ዕድሜዬን የሠራሁበት ነውና።

ልጄ ቦርከና፣ ጣሳ መክፈትህ ጥሩ፤ አከፋፈቱን ግን እወቅ። ለቴሌቪዥን ሽያጭ የሚላከው 16 ሚሊሜትር ነው። ድምፅ ያለው ከሆነ ቀዳዳው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ስትከፍተው አቼቶ አቼቶ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለየው፣ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አትመን፣ ጣሳና ፊልም ይቀያየራል። መጀመሪያውን አንድ ክንድ ያህል ቀስ ብለህ ፍታና ወደ ብርሃን ይዘህ ርዕሱን አንብብ።

አደራ፣ አሮጌ ማሽን ላይ አትጫነው! የቆየ ፊልም ይኮማተራል፤ ጥርሱ ቀዳዳውን ይበጣጥሰዋል። ስንት ጥሩ ፊልም እንዲህ ሲቀደድ አይቻለሁ። አትጠበው፣ በዘይት አትንካው። ሙቀትና እርጥበት ጠላቱ ናቸው። ኮምቦልቻ ካገኘኸው ሐረጎን አስወጥተህ ደሴ አምጣው፤ ብርዳችን ለፊልም መድኃኒት ነው።

የጦሳ ሥር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ከወንበር ስብርባሪ ሥር የተደረደሩ ጣሳዎች ትዝ ይሉኛል። የትምህርት ፊልም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን በስብሶ መጣል የለበትም። ዕቃ ግምጃ ቤቷን አውቃታለሁ፣ ሰኞ ሄጄ አናግራታለሁ። ብትፈቅድልኝ ርዕሱን ሲያነቡ እርስዎ ቢኖሩ ደስ ይለኛል።

ቦርከና፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ደርሻለሁ! በረሃ ላይ ውሃ አልቆባቸው ታርዲስ ግድግዳ ላይ የተጠራቀመውን የውሃ ጠብታ ሲያገኙ ብድግ አልኩ። ከሁሉ ግን የያዘችኝ ፒንግ ቾ ናት። 16 ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ አይታው ለማታውቅ የ75 ዓመት ሽማግሌ ልትዳር በረሃ ስታቋርጥ። የዶክተሩ የልጅ ልጅ ሱዛን ይሄን ስትሰማ ድምፅዋ እንዴት እንደሚለወጥ! እኔም ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ ይዘው የሚመጡ ሴት ተማሪዎች አሉኝ፤ ምስሉ ቢኖር ከዚህ በላይ አይነካኝም ነበር።

የሠርጉን ነገር ግን ማንም እንዳይነግረኝ። ራሴ እደርስበታለሁ።