የካራማራ ዘማች አባቶችን በስልኬ መቅረጽ እፈልጋለሁ፤ ምክር ስጡኝ

ጦሳ ስር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ደሴ ነው የምኖረው። ሰፈራችን ውስጥ በ1969 እና 70 በሶማሌ ጦርነት ጊዜ፣ ያ ካራማራ ተራራ ላይ ድል የተገኘበት ማለት ነው፣ የዘመቱ አባቶች አሉ። ሚሊሻ ሆነው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥነው የሄዱ አሉ፤ አንዱ ደግሞ መደበኛ ወታደር ነበሩ፣ ከኦጋዴን ወደ ኤርትራ ተዛውረው እስከ 1983 እዚያው ቆዩ። ቡና ላይ ሲጨዋወቱ አጠገባቸው መቀመጥ እወዳለሁ። ካራማራ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዛሬ 70 ሊደፍን ነው፣ ሚስትና ልጅ ጥሎ የዘመተው ደግሞ 80ን እየተሻገረ ነው። አንድ በአንድ እየቀበርናቸው ነው። ስለዚህ ዶክመንተሪ ልሰራ ቆርጫለሁ።

ያለኝ ደህና የሚቀርጽ ስልክና ከጓደኛ የምዋሰው ስታንድ ነው። ገንዘብ የለኝም፣ ፊልም ተምሬም አላውቅም። መጀመሪያ የቸገረኝ ድምፅ ነው። ለሙከራ አንዱን አባት በረንዳቸው ላይ ቀረጽኳቸው፣ ከእሳቸው ይልቅ የሚሰማው ባጃጁ ነው። ከዚያ ደግሞ አጠያየቁ። "ስለ ጦርነቱ ይንገሩኝ" ስላቸው የበዓል ንግግር ዓይነት ነገር ያደርጉልኛል፣ ቡና ላይ የሚያወሩት ግን ሌላ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። አንዱ አባት ወሬያቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ያለቅሳሉ። አብሯቸው ስለዘመተ የአገራቸው ልጅ ነው። ልጃቸው "እባክህ ያን ነገር አታንሳባቸው፣ ሌሊት አይተኙም" አለችኝ። እሳቸው ደግሞ "ቅረጸኝ፣ እሱን ሳልናገር አልሞትም" ይላሉ። የማንን ልስማ?

ሰርግ ቀራጩ፦

ወንድሜ በርታ። እኔ እዚሁ ደሴ ሰርግና ምርቃት ነው የምቀርጸው፣ ስለ ድምፁ ልንገርህ።

ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል። ድምፅ ካልተሰማ ግን ማንም አይቆይልህም። ደረት ላይ የሚሰካ ባለ ገመድ ማይክ ፈልግ፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጡት ጋ አታጣም፣ ርካሹም ከስልኩ ማይክ በብዙ ይሻላል። ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገህ ስካው። ጋቢ ከለበሱ ማይኩን ከጋቢው ውጪ አድርገው፤ ከውስጥ ከሆነ እጃቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ያንን ደግሞ በኋላ በምንም አታጠፋውም። ማይክ ካጣህ ሁለተኛ ስልክ ተዋስና ድምፅ መቅጃውን ከፍተህ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ክተተው። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ አንዴ አጨብጭብ፣ ኤዲት ስታደርግ በጭብጨባዋ ድምፁንና ምስሉን ታገጣጥማለህ። ስልኮቹ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ፣ ጥሩ ወሬ መሀል ላይ ነው ሰው የሚደውለው።

ቦታ ላይ ተጠንቀቅ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅረጽ አይታሰብም፣ ዝናቡ ከጀመረ ቃል አይለይም። ክረምት ከሆነ ጠዋት ግባ። የደሴ ጉም አያስፈራህ፣ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ የሽማግሌ ፊት በጉም ብርሃን በጣም ያምራል። በበጋ ደግሞ በዙህርና በአስር ሶላት መሀል ያለው ሰዓት ጥሩ ነው፣ አዛንም አይገባብህ፣ አባትየውም ሶላታቸው አይቋረጥባቸው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ የድምፅ ማጉያውን ሰዓት ጠይቅ። መስኮት በጎናቸው እንዲሆን አድርገህ አስቀምጣቸው፤ መስኮቱ ከኋላቸው ከሆነ ፊታቸው ጠቁሮ ይቀራል። መብራት አብርተህ ከቀረጽክ የስልኩ ካሜራ ፕሮ ሞድ (በእጅ የሚስተካከለው) ውስጥ ግባና ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ሻተሩን 1/50 ሰከንድ አድርገው። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 30 ላይ ከተውከው ምስሉ ሊርገበገብብህ ይችላል።

ጨርሰህ ከመነሳትህ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ለምናቸውና የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ቅዳ። ንግግራቸውን ስትቆራርጥ ክፍተቱን የምትሞላው በእሱ ነው።

አንድ የግሌ ሐሳብ ልጨምር። ከንግግራቸው ስር የማርሽ ሙዚቃ አታስገባ። ዩቲዩብ ላይ ያለው የዘማች ቪዲዮ ብዙው ዘፈኑ ሰውየውን ውጦታል።

የዘማች ልጅ፣ ኮምቦልቻ፦

የኔ ወንድም፣ የኔም አባት ሚሊሻ ነበር። ያን የበዓል ንግግር የሚያመጣው ጥያቄህ ነው። "ስለ ጦርነቱ" ብለህ ስትጠይቃቸው ሰው የሚጠብቀውን ነው የሚመልሱልህ።

ከጦርነቱ አትጀምር። ከ65ቱ ረሃብ ጀምር። ወሎ ነው ያለነው፣ በ69 ታጠቅ የገባ ገበሬ ያንን ክፉ ዘመን ያለፈ ሰው ነው፣ ወንድም ወይ እናት የቀበረ ነው። ከዚያ የካቲት 67 የመሬት አዋጁ መጣ፣ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ ሚሊሻ የተመለመለውም በዚያው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ነው። እንግዲህ መሬት ደርሷቸው ነበር? ስማቸውን ማን ጻፈው? ወደው ሄዱ ወይስ ተመርጠው? በሬውን ማን ጠመደው? እነዚህን ጠይቅ። አባቴ ስለ ካራማራ ብትጠይቀው "ድል አደረግን" ብሎ ዝም ይላል። መጀመሪያ የወታደር ጫማ ስለተሰጠው ቀን ከጠየቅከው ግን ቡናው እስኪያልቅ አያቆምም። እግሩ ከዚያ በፊት ጫማ አያውቅም ነበር፣ ስልጠናው ላይ ከጠመንጃው ይልቅ ያቆሰለው ጫማው ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ ሌላውን ራሱ ያመጣዋል፣ አንተ ዝም በል ብቻ።

ዕቃም እጃቸው ላይ ስጣቸው። አሮጌ ፎቶ፣ የምስክር ወረቀት፣ ኒሻን፣ ያለውን። ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ሚስታቸው ታውቃለች።

ስለ ሚስቶቹም አትርሳ፣ ይሄን የምለው ከልቤ ነው። እናቴን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ለማረሻ ሰው እየለመነች፣ እሱ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ነው የከረመችው። ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላት የሰፈር ተማሪ ነበር፤ እና የሚከፋ ነገር ካለ ዘሎ እንዳያነብባት ፊቱን ፊቱን ታየው እንደነበር ነግራኛለች። ዘማቹን ብቻ ቀርጸህ እሷን ቡና ስታቀርብ ብቻ ካሳየሃት ግማሹን ታሪክ ጥለኸዋል።

ስለሚያለቅሱት አባት። እኔ እሳቸውን ስማ እላለሁ፣ ልጃቸውን ግን አትለፋት። ቀረጻው ላይ አብራችሁ ትሁን። ጠዋት አድርጉት እንጂ ማታ አይሁን። በእጅ ምልክት ተስማሙ፣ እሳቸው ወይም እሷ እጅ ካነሱ ወዲያው ታቆማለህ። ያን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን አትንካው። ሲያለቅሱ ካሜራውን ወደ ፊታቸው አታስጠጋ፣ ባለበት ተወው። ጨርሰህም ዕቃህን ሰብስበህ እንዳትሮጥ፣ ቡናውን በረካ ድረስ ጠጣ፣ በማግስቱም ጎራ ብለህ እንዴት አደሩ በላቸው። "ስንት ሰው ገደሉ" የሚባል ጥያቄ ደግሞ ከአፍህ እንዳይወጣ።

መምህሩ፦

የታሪክ መምህር ነኝ፤ ያነሳኸው ጉዳይ ደስ ብሎኛል። ዘግይተሃል የሚልህን አትስማ። ወደ ኮሪያ ከ1943 ጀምሮ በየተራ የሄዱት የቃኘው ዘማቾች በድምሩ 6,037 ነበሩ፤ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ 90 አልፎታል። ደሴ ራሷ ኅዳር 26 ቀን 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባለች፣ ያን ቀን በዓይኑ አይቶ የሚነግርህ ሰው ዛሬ ማግኘት አይታሰብም ማለት ይቻላል። የካራማራዎቹ ግን ገና አሉ።

የዘመኑን መስመር ራስህ ያዝ፣ ሲያወሩ እንዳትጠፋ። ጦርነቱ የከፋው ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ሲገባ ነው። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። ጥቅምትና ኅዳርን ሐረርና ድሬዳዋ በጭንቅ አሳለፉ። ከዚያ የኩባ ወታደሮችና የሶቪየት መሣሪያ ደረሰ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ተገኘ። ልብ በል፣ የዘመተ ሁሉ ካራማራ ተራራ ላይ አልነበረም። ባሌና ሲዳሞ ግንባርም ነበር። ብዙ አባቶች ጦርነቱን በሙሉ ካራማራ ብለው ነው የሚጠሩት፣ ስለዚህ የነበሩበትን ቦታ፣ ሻምበላቸውንና ብርጌዳቸውን ለየብቻ ጠይቅ። ዓመት ቢያዛንፉ ፊት ለፊት አታርማቸው። ሰው ዓመተ ምሕረት ይረሳል፣ ማሽላው የደረሰበትን ወቅት ግን አይረሳም። ትክክለኛውን ቀን ከስር በጽሑፍ ታስገባዋለህ።

እስከ 1983 ኤርትራ ስለቆዩት አባት ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ያ ሰው ካራማራ ላይ ጀግና ተብሎ ተጨብጭቦለት፣ በ83 ሠራዊቱ ሲበተን "የደርግ ወታደር" ተብሎ ነው ቤቱ የገባ። በአንድ ሕይወት ሁለቱንም ስም የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። በእግራቸው የመጡ አሉ፣ ማገገሚያ ካምፕ የከረሙ አሉ፣ መንገድ ላይ ሲለምኑ የታዩ አሉ። ስለ ድሉ ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። ቤት የገቡ ቀን በሩን ማን እንደከፈተላቸው፣ ጎረቤት ምን እንዳላቸው፣ ምን ሥራ እንዳገኙ የጠየቃቸው ጥቂት ነው። እኔ ብሆን የፊልሙን እኩሌታ ለዚህ እሰጠዋለሁ።

ሆጤ፦

ሁለት ነገር ብቻ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በደሴም በኮምቦልቻም በየቤቱ አዲስ ቁስል አለ። አባቶቹ ስለ ካራማራ እያወሩ ሳያስቡት ወደ 2014 ይገባሉ፣ አይቀርም። የዚያን ጊዜ ያሉትን ሳታስፈቅድ እንዳትለቀው። ስምም፣ ሰፈርም፣ ማን ምን አደረገ የሚለውም ሰው ላይ መዘዝ ያመጣል። ካሜራ የያዘ ሰውም ስለሚጠረጠር ከቀበሌ የትብብር ደብዳቤ ይዘህ ዙር።

ሌላው ቅጂ ነው። የደሴ ሙዚየም በዚያ ጦርነት ምን እንደደረሰበት ሁላችንም አይተናል፣ ስንት ቅርስ ተዘረፈ። አንድ ቦታ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠረው። በቀረጽክበት ቀን ማታውኑ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት ያለ ሀርድ ዲስክ ላይ አድርግ። በቴሌግራም ከላክኸው በፋይል መልክ ላከው እንጂ በቪዲዮ መልክ አትላከው፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ያልተቆረጠውን ሙሉ ቅጂ ለቤተሰቡ ስጥ። ፊልምህ ቢያልቅም ባያልቅም የአባታቸው ድምፅ ቤታቸው መኖር አለበት።

ጦሳ ስር፦

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። እናቶቹን አነጋግራለሁ፣ የ83ቱንም እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ላክል። የሚያለቅሱት አባት የሚያነሱት ሟች፣ በሕይወት ያሉ እህት አሉት። እህትየው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የሚኖሩት። የወንድማቸው መርዶ መጥቷል እንጂ እንዴት እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። አባትየው ደግሞ አጠገቡ ነበሩ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ፊልሙ ላይ ስሙን ቢጠሩት እህትየው ከዩቲዩብ ሊሰሙት ነው። ስሙን ልቁረጠው?

የዘማች ልጅ፣ ኮምቦልቻ፦

አትቁረጠው፣ ገና አትልቀቀውም። መጀመሪያ እህትየው ይስሙ፣ ከአባትየው አፍ። እንደ መርዶ ነው የሚታየው፣ ዓመቱ ቢርቅም። ስለዚህ አንተ ብቻህን አትሂድ። አባትየውን ይዘህ፣ የሚያከብሯቸው አንድ ትልቅ ሰው ጨምረህ፣ ጠዋት ሂዱ። ዱአ ይደረግ፣ ክርስቲያንም ከሆኑ እንደ ደንባቸው። መስማት የሚፈልጉት ምን ያህል እንደሆነ እሳቸው ይወስኑ፣ ሁሉን ስሙ ብላችሁ አትጫኗቸው። ስለ ፊልሙ የምታነሳው ሌላ ቀን ነው። ስሙ ይጠራ ካሉ ይጠራል፣ ፎቶውም ካላቸው ምናልባት ራሳቸው ያመጡልሃል፤ አይጠራ ካሉ ደግሞ አባትየው "አንድ የአገሬ ልጅ" ብለው መናገር ይችላሉ፣ ታሪኩ አይጎድልም። በዚያ ቀን ስልክህን አታውጣ።

ሰርግ ቀራጩ፦

የኮምቦልቻዋ ያለችውን አድርግ። ማይኩን በተመለከተ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉ ስለሚቀዘቅዝ የኔ ማይኮች ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈተው ነው የሚቀመጡት። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሁለቱን አውስሃለሁ፤ አንዱን ለአባትየው፣ አንዱን ለልጃቸው።