አስቸኳይ! የነገ የባህል ምሽት፦ ሙዚቃው ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን ጠፍቷል

የግቢዋ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነን። ነገ ኅዳር 29 ነው፤ ጠዋት ስለ ቡና የምሁራን ውይይት፣ ማታ ደግሞ የባህል ምሽት አለን። ምሽቱ ውስጥ የየብሔረሰቡ ውዝዋዜ፣ የዳውሮ ልጆች ዲንካ (ረጅሙ የትንፋሽ መሣሪያ)፣ ካሊድ ጮጬ ላይ ፍየሎቹን ሲጠብቅ ቡናን እንዴት እንዳገኘ የሚያሳይ አጭር ድራማም አለ። አሁን አዳራሹ ውስጥ ልምምድ ላይ ነን። ሙዚቃ ስንከፍት ማሲንቆውና ክራሩ ይሰማሉ፣ ከበሮው ቀጥኗል፣ ዘፋኙ ግን የለም! ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። የትኛውንም ዘፈን ብንከፍት እንዲሁ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ግን ደህና ይሰማል። በዚያ ላይ ማይክሮፎኑ ያፏጫል፤ ድምፅ ማጉያውም ምንም ሳይከፈት ያጉረመርማል። ተወዛዋዦቹ መድረክ የሚገቡት የዘፋኙን ቃል ጠብቀው ስለሆነ ሁሉም ተፋጠው ቆመዋል። አዳራሹ የተፈቀደልን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው። እባካችሁ ቶሎ!

ተስፋኛው
ገመዱን ቀይሩት። ሁልጊዜ ገመድ ነው።

የቀልድ ሱቅ
ዘፋኙ ቀብድ አልተቀበለም ማለት ነው። ሙዚቀኞቹ ተከፍሏቸዋል፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ጋሽ መምህር
በመጀመሪያ የምታከብሩትን ቀን በቅጡ እወቁት። ኅዳር 29 የተመረጠው ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን በመሆኑ ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ተብሎ መከበር የጀመረው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ፣ ያላችሁበትን ከተማ እወቁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ ሂርማታ ገበያ ላይ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ይገናኝ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘፍንና ሲጨፍር ድምፅ ማጉያ የጠየቀ አልነበረም። ጅሬን ወጥታችሁ ቤተ መንግሥቱን ሳታዩ የባህል ምሽት ማዘጋጀት ምን ይባላል? ባህል ከላፕቶፕ አይወጣም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይዝፈኑ፣ ራሳቸው ይምቱ። ችግራችሁም ያን ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

የግቢዋ ልጅ
ጋሼ፣ ጅሬን ሄደናል፣ እናመሰግናለን። ራሳቸው የሚዘፍኑም አሉ። እነሱም ማይክሮፎን ሲይዙ ነው የሚያፏጨው።

ሽቦ አዋቂ
ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ንገረኝ። ሙዚቃው የሚወጣው ከምንድን ነው? በምን ዓይነት ገመድ? ሚክሰሩ (ድምፆቹን የሚያቀላቅለው መሣሪያ) ላይ የሰካችሁት የት ነው?

የግቢዋ ልጅ
እህትህ ነኝ። ከላፕቶፕ ነው። ገመዱ ያው የተለመደው ነው። ሚክሰሩ የአዳራሹ ነው፣ ጥቁሩ።

የቀልድ ሱቅ
ጥቁሩ! ይህን ከመጀመሪያው ብትነግሪን ኖሮ እስካሁን ተጨፍሮ ባለቀ ነበር።

የቦንጋ ልጅ
ስለ ድምፅ አላውቅም፤ ድራማውን ግን ሳይረፍድ አስተካክሉት። ቡና የተገኘው ከፋ ነው፣ ማኪራ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ የተሠራው ለጌጥ አይደለም።

የጎማ ልጅ
ካሊድ ፍየል የጠበቀው ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ነው። ቦታው ዛሬም አለ፣ መጥተህ ማየት ትችላለህ። ሙዚየምማ ሕንፃ ነው፤ የትም ይሠራል።

የቦንጋ ልጅ
ታዲያ እኛ ጋ ያለው ጫካስ ተተክሎ ነው?

ተስፋኛው
ገመዱን ቀየራችሁት?

መልኮ ሰፈር
የፍየሎቹን ጉዳይ ለሽማግሌ እንተወው። ሳይንሱ የሚለው አረቢካ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ነው፤ ቀበሌ አይለይም። ድራማው ላይ «ጮጬ እንደሚተረከው» ብሎ የሚጀምር ተራኪ ብታቆሙ ከቦንጋ የመጣውም ተማሪ አብሮ ያጨበጭባል።

ለጠዋቱ ውይይት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የተመራማሪዎቹ ጽሑፍ ላይ 74110፣ 74112 የሚሉ ቁጥሮች ይኖራሉ፤ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የስልክ ቁጥር መስሎት ሲገለብጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የቡና ዝርያዎች ናቸው። ገና አረንጓዴ ያለውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያበላሸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ከየጫካው ሲፈለጉ በ1974 ከተመረጡት መካከል ናቸው። 74 የሚለው ያን ዓመት ነው። የመድረክ መሪያችሁ ይህን ካወቀ ቁጥሩን እንደ ሎተሪ አያነበውም።

የግቢዋ ልጅ
ተራኪ የሚለው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለደራሲያችን ነግሬዋለሁ። ግን ዘፋኙ!!! ገመዱን ቀይረናል፣ ተመሳሳይ ሌላ ገመድ ነበረን። ምንም ለውጥ የለም።

ስልክ ጠጋኝ
ቀላል ነው። ላፕቶፑ ቅንብር ውስጥ ግራና ቀኙን የሚያዋህድ «ሞኖ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን አብሩት፣ ዘፋኙ ይመለሳል። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የግቢዋ ልጅ
አበራነው። አሁን ጭራሽ ሁሉም ጠፋ! ማሲንቆውም የለም። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ምን አደረግከን?

የቀልድ ሱቅ
እንግዲህ ሙዚቀኞቹም አድማ መቱ።

ሽቦ አዋቂ
ጠፋ? እንኳን ጠፋ። አሁን በሽታው ታወቀ፤ ስልክ ጠጋኝ ሳያውቅ ጥሩ ምርመራ አደረገላችሁ።

እህቴ፣ ሚክሰሩ ውስጥ የገባውን ወፍራሙን መሰኪያ ንቀዪና ብረቱ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ቁጠሪ። ሁለት ከሆኑ መሰኪያው ስቴሪዮ ነው፤ ግራውንና ቀኙን ለየብቻ በሁለት ሽቦ ይዞ ይመጣል። እናንተ የሰካችሁበት ቀዳዳ ደግሞ ለአንድ ማይክሮፎን ወይም ለአንድ መሣሪያ የተሠራ ነው። ያ ቀዳዳ ሁለት ሽቦ ይቀበላል፤ የሚያጎላው ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። እንዲህ የተሠራበት ምክንያት አለው። ረጅም ገመድ ላይ ከውጭ የሚገባ ጫጫታ ሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሚያርፍ፣ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል።

ዘፋኝ ሲቀረጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው መሃል ነው፤ ግራም ቀኝም እኩል አለ። ከበሮውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ሚክሰሩ ዘፋኛችሁን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አጠፋው። ማሲንቆውና ክራሩ ወደ አንድ ጎን ያደሉ ስለነበሩ ተረፉ። «ሞኖ» ስታደርጉት ደግሞ ሁሉም ነገር ግራና ቀኝ እኩል ሆነ፤ ስለዚህ ሁሉም ተቀናንሶ አለቀ። ገመዱን በተመሳሳይ ገመድ ብትቀይሩ እስከ ጥምቀት ለውጥ አይኖርም።

አሁኑኑ ያለ ምንም ወጪ፦ «ሞኖ» የሚለውን አጥፉ። እዚያው የድምፅ ቅንብር ውስጥ የግራና የቀኝ ሚዛን አለ፤ ቀኙን ዜሮ አድርጋችሁ ግራውን ብቻ ተዉ። የሚቀናነስ ነገር ስለማይኖር ዘፋኙ ይመጣል። ቀኝ ላይ ብቻ የተቀረጸ መሣሪያ ካለ ይጎድላችኋል፤ ለውዝዋዜ ግን ይበቃል።

ነገ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት፦ አንድ ጫፉ ለላፕቶፕ፣ ሌላው ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ገመድ ግዙ። ሁለቱም ወፍራም መሰኪያዎች አንድ አንድ ቀለበት ብቻ ሊኖራቸው ይገባል፤ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ቁጠሩ። ሚክሰሩ ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ውስጥ ትሰኳቸዋላችሁ። ሚክሰሩ ጀርባ ወይም ጥግ ላይ ቀይና ነጭ ክብ ቀዳዳዎች ካሉት ደግሞ በእነሱም ይሆናል፤ ጫፉ የዲቪዲ ገመድ ዓይነት ነው፣ ሌላው ጫፍ ግን ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባ ይሁን።

ተስፋኛው
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ገመድ።

ስልክ ጠጋኝ
የእኔ ዘዴ ስልክ ላይ ይሠራል። ሚክሰራቸው ነው ችግር ያለበት።

ሽቦ አዋቂ
ሚክሰሩማ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ማጉረምረሙን ረስቼው ነበር። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት። ጉርምርምታው ከቆመ፣ ላፕቶፑና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ በመሬት መስመሩ (ከአደጋ በሚጠብቀው ሽቦ) በኩል የሚዞር የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ስኳቸው፤ ካልበቃ በዝግጅቱ ሰዓት ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፣ ቻርጀሩን በእረፍት ሰዓት ትሰኩታላችሁ። የመሬት መስመሩን አቋርጡት የሚል ብልህ ከመጣ ግን አትስሙት።

አሮጌው ዲጄ
መጣሁ። ስንት ሠርግ የመሬት መስመሩን ቆርጠን ሠርተናል፣ አንድም ሰው አልሞተም።

ሽቦ አዋቂ
ያልሞተ ነው ቆሞ የሚያወራው። ዘፋኝ በላብ እጁ ማይክሮፎን ጨብጦ፣ ከኋላው መሣሪያው ውስጥ ሽቦ ቢላላ ጅረቱ በማን በኩል የሚሄድ ይመስልሃል?

አሮጌው ዲጄ
እሺ፣ በእሱ አልከራከርም። በማፏጨቱ ግን ስሙኝ፤ እሱ የእኔ ሙያ ነው። ድምፅ ማጉያዎቹን የት አቆማችኋቸው? ልወራረድ፣ ከተወዛዋዦቹ ጀርባ ግድግዳው ሥር ነው ያቆማችኋቸው። አይደለም እንዴ?

የግቢዋ ልጅ
አዎ፣ ከጀርባ ነው። እንዴት አወቅክ?

አሮጌው ዲጄ
ሁሉም ግቢ እዚያ ነው የሚያቆመው፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይገባል፤ ፉጨቱ እሱ ነው። ወደ መድረኩ ፊት አምጧቸውና ወደ ሕዝቡ አዙሯቸው፤ ማይክሮፎኖቹ ሁሉ ከእነሱ ኋላ ይሁኑ። የማይነገርበትን ማይክሮፎን ዝጉ። የማይክሮፎኑን ራስ በመዳፍ አፍኖ የሚይዝ ዘፋኝ ካለ እጁን ወደታች አውርዱለት፤ ቄንጥ መስሎት ፉጨቱን ራሱ ይጠራዋል። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ከሞላ አዳራሽ ይብሳል፤ ነገ ሰው ሲገባ ትንሽ ይረግባል። ስለዚህ ዛሬ ማታ በመጠኑ ካፏጨ አትደንግጡ።

መብራት ቢጠፋ ወዲያው የድምፅ ማጉያውን ማብሪያ አጥፉ። ሲመለስ መጀመሪያ ላፕቶፑንና ሚክሰሩን፣ መጨረሻ ላይ ማጉያውን አብሩ። አለበለዚያ መብራቱ ሲመጣ የሚወጣው «ዷ!» የፊተኛውን ረድፍ እንግዳ ከወንበሩ ያነሳል፤ ማጉያውንም ሊያቃጥል ይችላል።

የታርጫ ልጅ
ዲንካ አለ ሲባል ዘልዬ ገባሁ። እባካችሁ ለዲንካ ማይክሮፎን እንዳታቆሙ! ባለፈው አንድ ዝግጅት ላይ የረጅሙ አፍ ሥር ማይክሮፎን ገትረው የሕዝቡን ጆሮ አደንቁረውታል። ዲንካ ሜዳ ላይ የሚነፋ ነው። የሚያስፈልገው ቦታ ነው፤ ነፊዎቹ እርስ በርስ እየተያዩና እየተደማመጡ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ዜማው የሚሠራው ከሁሉም ተገጣጥሞ ነው። መድረኩ ጠባብ ከሆነ ከመድረክ ወርደው ከሕዝቡ ፊት ይቁሙ። ጣሪያውም ዝቅ ያለ እንዳይሆን አረጋግጡ፣ ዕቃው ረጅም ነው።

ጋሽ መምህር
እኔስ ምን አልኩ? ድምፅ ማጉያ የማይፈልግ ባህል አለ።

የግቢዋ ልጅ
ቀለበቶቹ ሁለት ናቸው!! አሁን ሚዛኑን ልንሞክር ነው። ላፕቶፑ የጓደኛችን ነው፣ እሱ ደግሞ ራት ሊበላ ሄዶ የይለፍ ቃሉን አልነገረንም። ቆዩ።

የቀልድ ሱቅ
አሁን ዘፋኙ ተገኘ፣ ባለ ላፕቶፑ ጠፋ።

መልኮ ሰፈር
ምን ላይ ደረሳችሁ? 2 ሰዓት አለፈ።

የቦንጋ ልጅ
ድራማው ላይ ተራኪው ምን እንደሚል ብትጽፉልን ጥሩ ነበር። «ጮጬ እንደሚተረከው» ከተባለ «ከፋ እንደሚታወቀው» የሚልም መጨመር አለበት።

የጎማ ልጅ
«እንደሚታወቀው»? ማን ያውቀዋል?

ሽቦ አዋቂ
ልጅቷ ከተመለሰች ሚዛኑ ሠርቶ እንደሆነ ትጻፍልን። ሌላም ሰው ይህን ይፈልገዋል።

አጋሮ 1
ሰላም። ይህን ያገኘሁት ስፈልግ ነው። እኛም ለትምህርት ቤት ምርቃት ስንለማመድ ዘፋኙ ጠፍቶብናል። የእኛ መሰኪያ ግን ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው። ሙዚቃውም ከስልክ ነው።

ሽቦ አዋቂ
ሦስት ከሆነ የስልክ ማዳመጫ ዓይነት ነው፤ አንዱ ክፍል ለማይክሮፎን የተለየ ስለሆነ ሚክሰሩ ላይ በቅጡ አይገጥምም። ሁለት ቀለበት ባለው ጫፍ ስልኩ ላይ የሚሰካና በሌላው በኩል ለሁለት የተከፈለ ገመድ ግዙ። የሰካችሁት የት ነው? ሚክሰራችሁስ ምን ዓይነት ነው?

አጋሮ 1
ያው ጥቁር ነው።